ሰዓት ሠሪ በኮድ ውስጥ፦ የኪውኤሙን ታይመሮች ለመጠገን

በመርጡለ ማርያም መናኸሪያ «አውቶቡሱ አሥራ አንድ ሰዓት ይነሣል» የተባለ መንገደኛ በዶሮ ጩኸት መነሣት እንዳለበት ያውቃል። ያንኑ ቃል በስልክ የሰማ፣ ውጭ አገር የከረመ ወንድሙ ግን ቁርሱን በልቶ፣ ቡናውን ጠጥቶ የሚደርስ ይመስለዋል። ቁጥሩ አንድ ነው፤ ከየት ተነሥቶ እንደተቆጠረ ግን አልተነጋገሩም። በኢሙሌተር ኮድ ውስጥ ያሉ የሰዓት ስሕተቶች አብዛኞቹ የዚህ ዓይነት ናቸው።

ኢሙሌተር የሌላ ማሽንን ጠባይ በሶፍትዌር የሚያስመስል ፕሮግራም ነው። እዚህ የምንነጋገረው ስለ ኪውኤሙ ነው። በኢንቴል ላፕቶፕ ላይ የአርም ወይም የሪስክ ፋይቭ ቦርድ ያስነሣል፤ የስልክ መተግበሪያ የምትሠሩ ከሆነ የምትፈትኑበት የአንድሮይድ ኢሙሌተርም በእሱ ላይ የቆመ ነው። ኮዱ ለማንም ክፍት ስለሆነ ሲ የተባለውን የፕሮግራም ቋንቋ የሚያውቅ ተማሪ ከቢቸናም ይሁን ከሞጣ ሊጠግነው ይችላል። ጀማሪ ብዙውን ጊዜ የሚገባው በታይመር በኩል ነው። ፋይሎቹ አጫጭር ናቸው፣ ብልሽቱም ቶሎ ይታያል። የሚሰናከለውም እዚያው ደጃፍ ላይ ነው።

ከታች ያሉትን ደረጃዎች ስትከተሉ ሦስት ጥያቄዎች ከአጠገባችሁ አይራቁ፦ ይህ ሰዓት ከየት ጀምሮ ይቆጥራል? መቼ ይቆማል? በምን ይለካል? ሦስቱን መመለስ ያልቻለ ሰው ኮዱን ባይነካው ይሻላል። ኪውኤሙ የሚሮጥበትን እውነተኛ ኮምፒውተር «አስተናጋጅ»፣ በውስጡ የሚነሣውን ማሽን ደግሞ «እንግዳ» እላለሁ። የፈንክሽኖቹን ስም እንደሚነበበው በፊደላችን ጽፌዋለሁ።

1. አስቀድማችሁ የራሳችሁን ሰዓት አስተካክሉ

ቀልድ አይደለም። በየኮምፒውተር ክፍሉ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ሰዓቱ «2:00» እንዲል ተደርጎ የተሞላ ማሽን ሞልቷል። እንዲህ ያለው ማሽን ከትክክለኛው ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ ቀርቷል ማለት ነው፤ ለእሱ ሁለት ሰዓት የሌሊት ስምንት ነው። የባሰው ደግሞ ዓመቱን በእኛ አቆጣጠር የሞላው ነው። 2018 ብላችሁ ብትሞሉ ማሽኑ የሚረዳው የግሪጎርያኑን 2018 ነው። ያን ጊዜ የድረ ገጽ ምስክር ወረቀቶች ሁሉ «ገና ያልጸኑ» ሆነው ይታዩታል፤ ኮዱን ለማውረድ ስትሞክሩም ግንኙነቱን ይከለክላችኋል። ጥፋቱ የኔትወርክ እየመሰላቸው ቀኑን ሙሉ ሲታገሉ የሚውሉ አሉ።

የሰዓት ክልሉን በሊኑክስ «አፍሪካ/አዲስ አበባ»፣ በዊንዶውስ «ናይሮቢ» አድርጉት። ሁለቱም ከዓለም አቀፉ የማጣቀሻ ሰዓት ሦስት ሰዓት የሚቀድሙ ናቸው። ከዚያ በኋላ ሰዓቱን በሃያ አራት ሰዓት አቆጣጠር ሙሉት። በኢትዮጵያ ሰዓት ማየት ከፈለጋችሁ ማሳያው ላይ የሚቀይር ፕሮግራም ጫኑ፤ መሠረቱን ግን አትንኩ።

መብራት በጠፋ ቁጥር ቀኑ ወደ ድሮ የሚመለስ ዴስክቶፕ ካላችሁ፣ ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ሳንቲም የምታህል ባትሪ አልቃለች። ሲአር 2032 ትባላለች፤ ሦስት ቮልት ናት፤ ለውጧት። ሳትለውጡ ብትቀጥሉ የሚደርስባችሁ ጉዳት የተደበቀ ነው። ኮዱን የሚያጠናቅረው ኒንጃ የተባለ መሣሪያ የትኛው ፋይል እንደተቀየረ የሚያውቀው በተጻፈበት ሰዓት ነው። ሰዓቱ ወደ ኋላ ከሄደ ዛሬ ያረማችሁት ፋይል ከትናንቱ ውጤት የቀደመ ይመስለውና ይዘለዋል። እናንተ ያረማችሁትን ኮድ የፈተናችሁ ይመስላችኋል፤ የሚሮጠው ግን አሮጌው ነው።

2. ለአንድ ማሽን ብቻ ኮምፓይል አድርጉ

የሚያስፈልጋችሁ ሊኑክስ፣ የሲ ኮምፓይለር፣ ፓይተን፣ ኒንጃና ግሊብ የተባለው ላይብረሪ ነው። ኪውኤሙ ብዙ ዓይነት ፕሮሰሰሮችን ስለሚያስመስል ሁሉንም ልኮምፓይል ያለ ሰው ደካማ ላፕቶፕ ይዞ ማምሸቱ ነው። ሲዋቀር የምትሠሩበትን አንዱን ማሽን ብቻ ምረጡ። ኮዱንም ስታወርዱ ያለፉትን ዓመታት ታሪክ ሁሉ ሳይሆን የቅርቡን ብቻ አውርዱ፤ የኢንተርኔት ሒሳባችሁን ያተርፍላችኋል።

በመካከል መብራት ቢጠፋ ኒንጃ ካቆመበት ይቀጥላል። አንድ ጣጣ ብቻ አለ፦ በዚያች ቅጽበት ሲጻፍ የነበረ ፋይል ባዶ ሆኖ ሊቀር ይችላል። መብራት ከመጣ በኋላ ትርጉም የሌለው የማያያዣ ስሕተት ካያችሁ መጠናቸው ዜሮ የሆኑትን የውጤት ፋይሎች አጥፍታችሁ ድገሙት።

አንዲት መስመር ከመንካታችሁ በፊት ያልተነካውን ኮድ አስነሡ፤ ፈተናዎቹንም አስሂዱ። ከመጀመሪያው የሚወድቅ ፈተና ካለ ስሙን መዝግቡ። ይህን ያላደረገ ሰው ኋላ የሌላውን ጥፋት በራሱ ላይ ይቆጥራል።

3. የምታርሙት ኮድ በእርግጥ የሚሮጥ መሆኑን አረጋግጡ

ይህን ደረጃ የሚዘልሉት ብዙዎች ናቸው። ኪውኤሙ ኬቪኤም ከተባለው የሊኑክስ ከርነል ክፍል ጋር ሲሠራ አንዳንድ ታይመሮችን ለከርነሉ ያስረክባል። የጥንቱ የፒሲ ታይመር፣ 8254 የሚባለው፣ አንዱ ነው። እናንተ በኪውኤሙ ውስጥ ያለውን የ8254 ፋይል ታርማላችሁ፤ እንግዳው ማሽን ግን የሚጠቀመው በከርነሉ ውስጥ ያለውን ነው። ምንም ብታርሙ ምንም አይለወጥም።

ስለዚህ ያለ ኬቪኤም፣ ቲሲጂ በተባለው የኪውኤሙ የራሱ መተርጎሚያ አስነሡት። በምታርሙት ፈንክሽን መግቢያ ላይ የመከታተያ መልእክት አስቀምጡና መታየቱን እዩ። መልእክቱ ካልታየ ገና ሥራ አልጀመራችሁም።

4. ትክክለኛውን ሰዓት ምረጡ

ከሁሉም ደረጃዎች ጊዜያችሁን የምትሰጡት ለዚህ ይሁን። ኪውኤሙ አራት ሰዓቶች አሉት፤ አብዛኛው ብልሽትም የሚመጣው አንዱን በሌላው ቦታ ከማስገባት ነው።

የኤሌክትሪክ ቆጣሪን አስቡ። መብራት ሲጠፋ ቆጣሪው ይቆማል፤ በባትሪ የሚሠራው የግድግዳ ሰዓት ግን ይሄዳል። «ቨርቹዋል» የሚባለው ሰዓት እንደ ቆጣሪው ነው፦ እንግዳው ማሽን ሲሮጥ ይሄዳል፣ ለአፍታ ሲቆም አብሮ ይቆማል። «ሪልታይም» የሚባለው ማንም እጁን የማያስገባበት የግድግዳ ሰዓት ነው፤ እንግዳው ቢቆምም ይቀጥላል፤ ቀንና ዓመት አያውቅም፤ የሚያውቀው ምን ያህል ጊዜ እንዳለፈ ብቻ ነው። «ሆስት» የሚባለው ደግሞ የአስተናጋጁ ኮምፒውተር ሰዓት ነው፤ ቀንና ዓመት ያውቃል፤ ነገር ግን ማንም ተነሥቶ ወደፊትም ወደኋላም ሊገፋው ይችላል። አራተኛው «ቨርቹዋል አርቲ» የሚያስፈልገው ጊዜ በትእዛዝ ቁጥር በሚለካበት ልዩ አሠራር ውስጥ ብቻ ስለሆነ ለጊዜው እለፉት።

መምረጫው አንድ ጥያቄ ነው፦ እንግዳው ማሽን ለአፍታ ቢቆም ይህ ታይመር መቆም አለበት? እንግዳው የሚያየው መሣሪያ ከሆነ፣ ኔትወርክ ካርድ ይሁን የዲስክ መቆጣጠሪያ፣ መልሱ «አዎ» ነው፤ ቨርቹዋልን ያዙ። መስኮቱ ላይ ያለውን ምስል ለማደስ ከሆነ እንግዳው ስለ ነገሩ አያውቅም፤ ሪልታይም ይበቃል። ቀንና ሰዓት የሚይዘው የባትሪ ሰዓት፣ አርቲሲ፣ ሌላ ካልተነገረው በስተቀር ሆስትን ይከተላል። ተጠቃሚው ሲያስነሣው ወደ ሌላ ሊቀይረው ስለሚችል እናንተ በኮዱ ውስጥ አንዱን ቆርጣችሁ አታስገቡ፤ ለዚሁ የተዘጋጀውን መምረጫ ጥሩ።

ስሕተቱ ምን እንደሚመስል ላሳያችሁ። አንድ ሰው ለመሣሪያ የአምስት ሰከንድ የጥበቃ ጊዜ ሲያበጅ ሆስትን ተጠቀመ እንበል። በማግስቱ ሌላ ሰው በኢትዮጵያ ሰዓት ተሞልቶ የነበረውን ላፕቶፕ አስተካከለ፤ ሰዓቱ ከሁለት ወደ ስምንት ዘለለ። አምስቱ ሰከንድ በቅጽበት አለቀ፤ መሣሪያው «መልስ አላገኘሁም» ብሎ ተዘጋ። በተቃራኒው ከስምንት ወደ ሁለት ቢመለስ ኖሮ ያው አምስት ሰከንድ ስድስት ሰዓት ሙሉ ይጠበቅ ነበር።

የላፕቶፕ ክዳን ነገርም አለ። ሊኑክስ አስተናጋጅ ሲተኛ ሪልታይምም ቨርቹዋልም አብረው ይተኛሉ፤ ሆስት ግን ጠዋት ሲከፈት ሌሊቱን ዘልሎ ይነሣል። እንግዳው ከርነል የራሱን ሰዓት በቨርቹዋል ስለሚቆጥር ሌሊቱን አያውቀውም፤ አርቲሲውን ብትጠይቁት ግን ትክክለኛውን ይነግራችኋል። ይህ ልዩነት ብልሽት አይደለም። ለማረም አትሞክሩ፤ እንግዳው ሰዓቱን ከአርቲሲው ወይም ከኔትወርክ እንደገና ያስተካክል።

5. መለኪያውን በስሙ ላይ ጻፉ

በኪውኤሙ ውስጥ የታይመር መሠረታዊ መለኪያ ናኖሰከንድ ነው፤ ቢሊዮኑ አንድ ሰከንድ ይሆናል። በሚሊሰከንድ የሚሠሩ ፈንክሽኖችም ስላሉ መደባለቅ ቀላል ነው። ለዚህ ያለኝ መድኃኒት ተራ ነው፦ ተለዋዋጩን «ጊዜ» ብላችሁ አትሰይሙ፤ ስሙ በናኖ ይሁን በሚሊ የሚለውን ይያዝ።

ሁለተኛው ወጥመድ «ታይመር ሞድ» የሚባለው ፈንክሽን ነው። የሚጠይቀው «ከስንት ጊዜ በኋላ» ብሎ ሳይሆን «ስንት ሰዓት ሲሆን» ብሎ ነው። አምስት ሚሊሰከንድ ለመጠበቅ መጀመሪያ የአሁኑን ሰዓት ጠይቃችሁ አምስት ሚሊሰከንድ ትጨምሩበታላችሁ። እኔ መጀመሪያ ስጽፍ አምስቱን ብቻ ሰጠሁት። ታይመሩ ያ ሰዓት ድሮ ያለፈ መሆኑን አይቶ ወዲያው ጮኸ፤ እኔም እንደገና ሞላሁት፤ እንደገና ጮኸ። የላፕቶፑ ማራገቢያ እንደ ወፍጮ ሲጮኽ ነው የነቃሁት።

ከዚያ የማካፈል ነገር ይመጣል። 8254 በሰከንድ 1,193,182 ጊዜ ይመታል። አንዱን ምት በናኖሰከንድ ብትለኩት 838.095 ገደማ ነው። ጀማሪ አስተካክሎ 838 ይለዋል፤ ክፍልፋዩ ምን ያመጣል ብሎ። በቀን ወደ አሥር ሰከንድ ያመጣል። እንግዳው ማሽን በወር አምስት ደቂቃ ያህል ይቀድማል። ምቱን አስቀድማችሁ ወደ ናኖሰከንድ አትቀይሩት፤ በድግግሞሹ አባዙና መጨረሻ ላይ አካፍሉ።

አባዙ ስላችሁ ደግሞ በተራ የማባዣ ምልክት እንዳይሆን። በ64 ቢት ምልክት ያለው ቁጥር ውስጥ ናኖሰከንዱን በ1,193,182 ብታባዙ ቁጥሩ ሞልቶ የሚፈሰው ማሽኑ በተነሣ በሁለት ሰዓት ከዘጠኝ ደቂቃ ገደማ ነው። ተንኮሉም እዚህ ላይ ነው፦ ስትፈትኑት አሥር ደቂቃ ይሠራል፣ አንድ ሰዓት ይሠራል፤ ልካችሁት ሻይ ለመጠጣት ስትቀመጡ ሌላ አገር ያለ ሰው ማሽን ላይ ይፈርሳል። ለዚህ ሲባል «ሙልዲቭ 64» የሚባል ፈንክሽን አለ፤ ማባዛቱንና ማካፈሉን በሰፊ ቁጥር ውስጥ ይሠራዋል። እሱን ተጠቀሙ። አዲስ መሣሪያ የምትጽፉ ከሆነ ደግሞ ኪውኤሙ ለክሎክ ያዘጋጀው አሠራር የምቱን ርዝመት የናኖሰከንድ ክፍልፋይ አድርጎ ስለሚይዝ እንዲህ ያለውን ማጠጋጋት በእጅጉ ያቃልልላችኋል።

6. ታይመሩን እንደገና ስትሞሉ ከቀድሞው ቀጠሮ ተነሡ

ታይመር አንድ ጊዜ ጮኾ ይቆማል። በየጊዜው እንዲጮኽ ከፈለጋችሁ በጮኸ ቁጥር ቀጣዩን ቀጠሮ እናንተ ትሰጡታላችሁ። ቀጠሮውን «ከአሁን ጀምሮ» ብላችሁ ከሰጣችሁ እያንዳንዷ ትንሽ መዘግየት ትደመራለች። ዕቁብ ሰብሳቢ በየሳምንቱ እሑድ መምጣት ሲገባው «ባለፈው ከመጣሁበት ሰባት ቀን» እያለ ቢቆጥር፣ አንዴ ሰኞ ከመጣ ለዘለዓለም ሰኞ ነው። ስለዚህ ካለፈው ቀጠሮ ላይ ደምሩ።

ይህ ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። አንድ ሰው የኪውኤሙን ፕሮሰስ ከውጭ በሲግናል ለአሥር ደቂቃ ቢያስቆመው ኪውኤሙ መቆሙን አያውቅም፤ ቨርቹዋል ሰዓቱ ሲሄድ ይቆያል። አርቲሲው በሰከንድ 1024 ጊዜ የሚጮኽ ከነበረ ሲነሣ 614,400 ኢንተራፕት፣ ማለት ፕሮሰሰሩን የሚያቋርጥ ጥሪ፣ ዕዳ ሆኖ ይጠብቀዋል። ያን ሁሉ በአንድ ጊዜ ካፈሰሳችሁበት እንግዳው ይታፈናል። ምን ይደረግ? መልሱ እንደ መሣሪያው ነው። እንግዳው ሰዓቱን በኢንተራፕት ቁጥር የሚያውቅ ከሆነ የጠፉትን ቀስ በቀስ ማካካስ ይሻላል፤ አርቲሲው ለዚህ «ድሪፍትፊክስ» የሚባል ምርጫ አለው። ሌላ የጊዜ ምንጭ አይቶ የሚያስተካክል ከሆነ ዕዳውን ሰርዙለት። ዝም ብሎ መተው ግን ውሳኔ አይደለም፤ የመረጣችሁትንና ምክንያቱን በአስተያየት መስመር ላይ ጻፉ።

7. እንግዳውን አትመኑ

እንግዳ ክቡር ነው፤ እዚህ ግን አይደለም። በእንግዳው ማሽን ውስጥ የሚሮጠው ሶፍትዌር ወደ ታይመሩ ሬጅስተር የፈለገውን ቁጥር መጻፍ ይችላል። አካፋዩ ላይ ዜሮ ቢጽፍ፣ እናንተም ሳታዩ ብታካፍሉ፣ ኪውኤሙ ራሱ ይወድቃል። ርዝመቱን አንድ ናኖሰከንድ ቢያደርግ አስተናጋጁ ሌላ ሥራ ሳይሠራ ታይመር ሲያነሣ ይውላል። ከሬጅስተር የመጣ ቁጥር ሁሉ ከመካፈሉ በፊት ይፈተሽ፤ ለርዝመቱም ወለል ይኑረው። «ፒታይመር» የተባለው የኪውኤሙ ዝግጁ ታይመር በተለመደው አሠራር ከአሥር ማይክሮሰከንድ በታች በድግግሞሽ እንዲጮኽ አይፈቅድም። የራሳችሁን ከመፍጠር ይልቅ እሱን መጠቀም ከብዙ ጣጣ ያድናል፤ እኔ ሁልጊዜ የምጀምረው ከእሱ ነው።

8. ሪሴትን፣ ማስቀመጥንና ማሰናበትን አትርሱ

ማሽኑ ሪሴት ሲደረግ የተቀጠረው ታይመር ይሰረዝ፤ አለዚያ የቀድሞው ማሽን ቀጠሮ አዲሱን ይቀሰቅሰዋል። መሣሪያው ከማሽኑ ሲነቀል ታይመሩ መጀመሪያ ይጥፋ፤ ካልጠፋ ባለቤቱ በሞተ ማኅደረ ትውስታ ላይ ይጮኻል።

ከሁሉ የሚረሳው ማስቀመጥ ነው። እንግዳው ማሽን ከአንድ አስተናጋጅ ወደ ሌላ ሲዛወር ቨርቹዋል ሰዓቱ አብሮት ይሄዳል፤ የታይመሩ ቀጠሮ ግን የሚሄደው እናንተ በሚቀመጡት ዝርዝር ውስጥ ከጻፋችሁት ብቻ ነው። ካልጻፋችሁት እንግዳው በአዲሱ ቤት ተቀምጦ የማይመጣ ኢንተራፕት ይጠብቃል። ስሕተቱ ምንም መልእክት የለውም፤ ማሽኑ ዝም ይላል። ዝርዝሩ ላይ አዲስ ነገር ስትጨምሩ የድሮው ቅጂ እንዳይሰበር ለብቻው ንዑስ ክፍል አድርጋችሁ ጨምሩት።

9. ሳትጠብቁ ፈትኑ

የአንድ ሰዓት ታይመር ለመፈተን አንድ ሰዓት መቀመጥ አያስፈልግም። ኪውኤሙ ኪውቴስት የሚባል የፈተና አሠራር አለው፤ በእሱ ውስጥ ቨርቹዋል ሰዓቱን በትእዛዝ ወደፊት ትገፉታላችሁ። አንድ ሰዓት ገፍታችሁ ኢንተራፕቱ መምጣቱን፣ አንድ ናኖሰከንድ ጎድሎት ደግሞ አለመምጣቱን አረጋግጡ። ሁለተኛውን ብዙ ሰው አይፈትንም፤ ስሕተቱ የሚደበቀው ግን እዚያ ነው።

የአርቲሲ ኮድ ከሆነ የሚከተሉትን ቀናት አትዝለሉ። የመጀመሪያው የዩኒክስ መነሻ ነው፦ 1 ጃንዋሪ 1970፣ በእኛ ታኅሣሥ 23 ቀን 1962። ቀጥሎ የፌብሩዋሪ መጨረሻ፣ ማለት የ29ኛው ቀን ጉዳይ፤ 2100 በአራት ይካፈላል፣ በግሪጎርያኑ ግን ተጨማሪ ቀን የለውም። በአራት ዓመት አንድ ጊዜ ጳጉሜ 6 እያልን ላደግን ሰዎች ይህችን መርሳት ቀላል ነው። ከዚያ የክፍለ ዘመን መሻገሪያ፦ የፒሲው አርቲሲ ዓመቱን በሁለት አሃዝ ብቻ ይይዛል፤ መቶኛው የሚቀመጠው በሌላ ባይት ነው፤ አንዱ ሲዞር ሌላው አብሮ መዞሩን እዩ።

ከዚያ 2038 አለች። በ32 ቢት ምልክት ያለው ቁጥር ሰከንድ የሚቆጥር ኮድ ቁጥሩ የሚያልቅበት በ19 ጃንዋሪ 2038፣ በማጣቀሻው ሰዓት 03:14:07 ላይ ነው። ወደ እኛ ስትመልሱት ጥር 11 ቀን 2030 ከንጋቱ 12 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ከ7 ሰከንድ ይሆናል። የጥምቀት ዕለት ማለዳ፣ ታቦታቱ ገና ባሕረ ጥምቀቱ ዳር ሳሉ። ቀኑን ለመርሳት ምክንያት አይኖራችሁም። ኮዳችሁ ውስጥ ሰከንድ የሚይዝ 32 ቢት ተለዋዋጭ ካለ አሁኑኑ ለውጡት፤ ፈተናውንም በዚያች ሰከንድና በቀጣይዋ ላይ አስሂዱ።

የአሥራ ሁለት ሰዓት አሠራርም ወጥመድ ነው። አርቲሲው በሃያ አራትም በአሥራ ሁለትም መሥራት ይችላል፤ በአሥራ ሁለቱ ጊዜ ከሰዓት በኋላ መሆኑን የምትናገር አንዲት ቢት አለች። እኩለ ሌሊት «0» ሳይሆን «12» ተብሎ ነው የሚጻፈው። «12» ላይ ዝም ብሎ አሥራ ሁለት የሚደምር ኮድ ቀትርን 24 ሰዓት ያደርገዋል። ሁለቱንም አሥራ ሁለቶች፣ የሌሊቱንም የቀኑንም፣ ለየብቻ ፈትኑ።

አንድ ነገር ደግሞ ከአገራችን የተነሣ አይታየንም። ኢትዮጵያ በበጋና በክረምት ሰዓቷን አትቀይርም። በአውሮፓና በአሜሪካ በዓመት ሁለት ጊዜ አንድ ሰዓት ወደፊትና ወደኋላ ይገፋል፤ በእናንተ ላፕቶፕ ላይ ፈጽሞ የማይታይ ስሕተት እዚያ ይፈነዳል። እንግዳውን በአካባቢ ሰዓት እንዲነሣ አድርጉና የአስተናጋጁን ክልል ወደ ለንደን ወይም ወደ ኒውዮርክ ቀይራችሁ የሚቀየርበትን ሌሊት አሳልፉት።

ውጤቱ በእያንዳንዱ ሩጫ የሚለያይባችሁ ከሆነ «አይካውንት» የተባለውን አሠራር አብሩ። ያን ጊዜ ቨርቹዋል ሰዓቱ የሚሄደው እንግዳው በፈጸመው ትእዛዝ ብዛት ነው፤ ለምሳሌ «ሺፍት» የተባለውን ምርጫ 7 ብትሉት አንዱ ትእዛዝ 128 ናኖሰከንድ ይቆጠራል። ላፕቶፑ ሥራ ቢበዛበትም ባይበዛበትም የእንግዳው ሰዓት አይለወጥም፤ ብልሽቱንም ለመድገም ይቀልላችኋል።

10. ላኩ

አንድ ፓች፣ ማለት የምትልኩት እርማት፣ አንድ ነገር ብቻ ያርም። ታይመሩን ስታርሙ ያያችሁትን የተጣመመ አሰላለፍ ለማቅናት እጃችሁ ቢበላችሁም ለብቻው ላኩት። ከኮዱ ጋር የሚመጣውን መፈተሻ ስክሪፕት አስሂዱ፤ የፋይሉ ጠባቂዎች እነማን እንደሆኑ የሚነግር ዝርዝርም እዚያው አለ። መልእክታችሁ ላይ ምን እንደታየ፣ ለምን እንደሆነና እንዴት እንደፈተናችሁት ጻፉ፤ በመጨረሻም በስማችሁ ፈርሙ። ፊርማው ኮዱን የመስጠት መብት እንዳላችሁ የምታረጋግጡበት ስለሆነ ያለ እሱ አይቀበሉም። በ2025 እ.ኤ.አ. በወጣው የፕሮጀክቱ መመሪያ መሠረት በሰው ሠራሽ አስተውሎት የተጻፈ ኮድም ተቀባይነት የለውም፤ የምትልኩት እጃችሁ የጻፈውን ይሁን።

ኮዱን አንዴ ካወረዳችሁ በኋላ ዝግጅቱን በሙሉ ያለ ኢንተርኔት መጨረስ ትችላላችሁ፤ ኔትወርክ የሚያስፈልገው ለመላኪያዋ ደቂቃ ብቻ ነው። አንድ ሁለት ሳምንት ቆይቶ መልስ ካልመጣ በትሕትና አስታውሱ። አርሙ ከተባላችሁ አርማችሁ «ሁለተኛ እትም» ብላችሁ መልሳችሁ ላኩ፤ ብዙ ፓች የሚገባው በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ነው።